አንድ ለእናቱ፦ የመስክ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች እየተበራከተ የመጣውን አንድ ለእናቱን በተፈጥሮ መኖሪያው መመርመር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ ድርሻ 1.8 ብቻ ነበር። ከነጥቡ በኋላ ያለው ስምንት፣ አማት ገና እየለመኑት ያሉት ልጅ ነው።

ቀደምት ጥናቶች አሉ። ቦሃነን የተባለ አሜሪካዊ በ1898 እ.ኤ.አ. ወንድምና እህት የሌለው ልጅ ከእኩዮቹ ጋር አይገጥምም ብሎ ጻፈ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶኒ ፋልቦና ዴኒዝ ፖሊት 115 ጥናቶችን አገላብጠው፣ በጠባይ ከሌላው ልጅ እምብዛም አይለይም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሰፈራችንን ቡና ጠጪዎች አላማከሩም። የእነሱ ንድፈ ሐሳብ ከማዕድ የተቀዳ ነው፦ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ጠግቤያለሁ የሚለውን እንግዳ ሁለተኛውን የሚያስውጠው ይኸው ሕግ፣ በክርስትናው ማግስት እናቲቱም ላይ ይሠራል። ስለ ወጪ ያነሣ ሰው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ግን የሚገባው በባንክ ነው።

ወደ መስክ ወረድን። ምሳ ሰዓት፤ አንድ ልጅ፣ አራት አዋቂ፣ አንድ ሳህን ፍርፍር። እናት ታጎርሳለች፣ አያት ተረት ያወራሉ፣ አባት በስልኩ ካርቱን ያሳያል፣ ሞግዚቷ የማምለጫውን በር ትጠብቃለች። ልጁ አፉን ዘግቷል።

በሕክምናው ረገድ አንድ ማስነጠስ መዝግበናል። አያት ጤና አዳም፣ እናት ቴርሞሜትር፣ አባት የመኪና ቁልፍ ይዘው ደረሱ። ወጥ ቤት በርበሬ እየተነፋ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመን የፍትሕ ሥርዓቱ ነው። አራት ልጅ ባለበት ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ምርመራው እስከ እራት ይዘልቃል፤ ታላቅ ታናሽን ያጋልጣል፣ ምስክር ቃሉን ይለውጣል፣ በመጨረሻ በቦታው ያልነበረው ይቆነጠጣል። እዚህ ግን እናት፣ ተጠርጣሪው አንድ ብቻ መሆኑን እያወቀች፣ «ማነው የሰበረው?» ብላ ትጮኻለች። ልጁ ረጋ ብሎ ያስብና «ድመቷ» ይላል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ድመትም የላቸውም። አያት «እውነቱን ነው፣ እኔም አይቻታለሁ» ብለው ይመሰክራሉ። ችሎቱ ይበተናል።

ስንት ልጅ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ጎረቤቶችን አነጋገርን። አንድ ያላት «ሁለተኛውስ?» ትባላለች። ሁለት ወንድ ያላት «ሴት ሞክሪ እንጂ!» ሦስት ያላት «አንድ ብትጨምሪ እኮ ሁለት ሁለት ይሆኑ ነበር።» አራት ያላት ደግሞ «ውይ! በዚህ ኑሮ ይሄ ሁሉ ልጅ?» እንግዲህ ትክክለኛው ብዛት ምንጊዜም ካለው በአንድ ይበልጣል፤ አራት ላይ ሲደረስ በድንገት በሁለት ያንሳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አስተያየቶች ለአንዲት እናት የሰጧት ያው አንድ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከል ያለፈው ጊዜ አሥር ወር ነው።