የትኛው ገላን?

ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ቤቴ ውስጥ፣ ከእኔ ሌላ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ይኖራል። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ሶኬት ላይ ሰክቼ ነው የምጠቀመው። ሜሞሪው 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ሲጫንበት ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ያቃስት ነበር። ሊኑክስ ጫንኩበት፤ እሱም ከነጌጡ ከበደው። አንድ ወዳጄ «አይ ስሪን ሞክር» አለኝ። ማይክል ሽታፔልበርግ የተባለ ጀርመናዊ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ መስኮቶችን የሚደለድል ፕሮግራም ነው።

ስከፍተው ባዶ ጥቁር ስክሪን። «ስታርት» የለ፣ የሚነካ ነገር የለ። የቤቴን ቁልፍ የተረከብኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ያኔም የተሰጠኝ ግድግዳ ነበር፣ የቀረውን ራስህ ጨርስ ተብዬ። ሞድ የሚሉትን ቁልፍ ከኢንተር ጋር ስጫን ተርሚናል ተከፍቶ ስክሪኑን ሞላው። ሁለተኛ ስከፍት እኩል ተካፈሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። መደራረብ ብሎ ነገር የለም፤ ዕጣ ወጥቶላቸው የገቡ ይመስል ሁሉም ድርሻውን ይዞ ግድግዳ ይጋራል።

መጀመሪያ ሲነሳ «የዊንዶውስ ቁልፉን ነው ወይስ አልትን ሞድ ላድርግልህ?» ብሎ ይጠይቃል። አልት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሊብሬ ኦፊስ ላይ የፋይልን ሜኑ ልከፍት አልትና ኤፍ ስል መስኮቱ ስክሪኑን በሙሉ ይወርልኛል። በሁለተኛው ቀን ወደ ዊንዶውስ ቁልፉ ዞርኩ።

ዋናው ጉድ የመጣው ለብሎካችን ኮሚቴ ስለ ውኃ ደብዳቤ ልጽፍ የተነሳሁ ማታ ነው። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ የሚቀይረውን ትእዛዝ ተርሚናል ላይ ጻፍኩ፤ ተቀየረ። «ወደ እንግሊዝኛ ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ኪቦርዴ ደግሞ ከእንግዲህ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ። መስኮት የሚዘጋው ሞድ፣ ሺፍትና ኪው ነበር፤ አሁን ኪው የሚባል ፊደል ከሰሌዳው ጠፍቷል። ሞድና ኢንተር ግን ይሠራል፤ ኢንተር በየትኛውም ቋንቋ ኢንተር ነው። እናም ተርሚናል መክፈት እችላለሁ፣ መዝጋት አልችልም። አሥራ አንድ ደረሱ፤ እያንዳንዳቸው የጣት ስፋት አክለዋል።

ያዳነኝ የመብራት መጥፋት ነው። ጎረቤቴ እትዬ በደረጃው በኩል «ኤዲያ! ደግሞ ጠፋ?» ሲሉ እኔ ውስጥ ሆኜ ተመስገን አልኩ። ባትሪ የለውምና ላፕቶፑም አብሮ ድርግም አለ፤ መብራት ሲመጣ እንግሊዝኛውን ይዞ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ቋንቋ አብሬ አስገብቼ በአልትና ሺፍት እንዲቀያየሩ አደረግኩ። አቋራጮቹንም በፊደል ሳይሆን በቁልፉ ቁጥር ጻፍኳቸው፤ ኪው 24፣ ኢንተር 36። ፊደሉ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ተከራይ ቢቀያየር የብሎኩ ቁጥር ያው እንደሆነ።

ሰው ሲመቸው አያርፍም፤ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ቢን የሚባል ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኳት። ተርሚናል ላይ ስሟን ስጠራ ትመጣለች፤ በአቋራጭ ስጠራት የለችም። ፓዝ ነዋ! ኮምፒውተር ስም ሲጠሩለት ቤት ለቤት አይዞርም፤ ፓዝ ላይ የተዘረዘሩትን ፎልደሮች ብቻ በተራ አይቶ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። እኔ ፎልደሩን ያስመዘገብኩት ባሽአርሲ በሚባለው ፋይል ላይ ነው። እሱን የሚያነበው ተርሚናሉ ውስጥ ያለው ባሽ እንጂ ቀድሞ የተነሳው አይ ስሪ አይደለም። እንግዳ እንደሚመጣብኝ ለእትዬ ነግሬ፣ በር ላይ ላሉት ጥበቃ ሳልነግር ቀርቼ ነበር ማለት ነው።

መስመሩን ከባሽአርሲ አጥፍቼ ፕሮፋይል የሚባለው ፋይል ላይ እንደ አዲስ ጻፍኩ፤ ወጥቼ ገባሁ። ጭራሽ ተርሚናሉም «አላውቃትም» አለ! መስመሩን ሃያ ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ግድፈት የለውም። ፎልደሮቹ የሚለያዩት በሁለት ነጥብ ነው፤ ሁለት ነጥቧም እዚያው ቁጭ ብላለች። ለካስ ስጽፍ ዘልያት ኖሮ፣ ከላይ በአማርኛ «ይህ እንዳይነካ» የሚል ማስታወሻ ካከልኩ በኋላ ተመልሼ የሰካኋት ነች። በየትኛው ኪቦርድ? በአማርኛው! አያቶቻችን ቃልን ከቃል የለዩባት የእኛዋ ሁለት ነጥብ፣ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ሲገባ የራሷን ቁጥር ይዛ ነው የገባችው። ለዓይን መንታ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን አይተዋወቁም። ቢንን ከሚቀጥለው ፎልደር ጋር አጣብቆ እንደ አንድ ረጅም ስም አንብቦታል።

ቀየርኳት። ወጥቼ ገባሁ፣ አቋራጩን ተጫንኩ፣ መጣች። ከደስታዬ ሳልመለስ ስልኬ ጠራ፤ ከመርካቶ ባትሪ የያዘልኝ የሞተር ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ገላን ደርሻለሁ። ብሎክ የሚባል ግን አይታየኝም።»

«ምን ይታይሃል?»

«ፋብሪካ። ከፋብሪካው ቀጥሎ ሌላ ፋብሪካ።»

«አንተ ልጅ፣ ገላን ከተማ ነዋ የገባኸው! ሸገር ከተማ ውስጥ ነህ!»

«ገላን አላሉኝም እንዴ?»

ብዬው ነበር።