ኡኡታ ያላባራበት ቤት

ተረት ተረት? የላም በረት።

በአንድ ክብ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ሁለት ወገኖች ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። (ቤቱ ዐይን ነው፤ መጋረጃው ሐኪሞች ሬቲና የሚሉት ነው። ከዚህ በኋላ አላቋርጥም።) በመጋረጃው ላይ የሚኖሩት ብርሃን ለቃሚዎች ይባላሉ፤ ቁጥራቸው 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከጀርባቸው ጥቁር ለባሾች አሉ፤ ስንቅ የሚያቀብሏቸው፣ ያረጀ ጫፋቸውን በየዕለቱ እየቆረጡ የሚበሉላቸው። መብላታቸው አያስቀይምም፤ ጽዳት ነው።

የሚገርመው፣ በሁለቱ መካከል ጭቃም ሆነ ምስማር የለም። ጥቁር ለባሾቹ በመካከል ያለውን ውኃ ሌት ተቀን እየቀዱ ወደ ኋላ ስለሚደፉ ነው በአመዛኙ ተጣብቀው የሚያድሩት። ከዚህ የጠነከረ ማያያዣ የሌለው ሰፈር እኔም አውቃለሁ።

የቤቱን አዳራሽ የሞላው አያ ዝልግልግ ነበር። በወጣትነቱ እንደ ቡላ አጥሚት ወፍሮ መጋረጃውን ደግፎ ይዞ ነበር። ሲያረጅ እየቀጠነ፣ እየተሸበሸበ መጣ። አንድ ቀን ከግድግዳው ሲሸሽ መጋረጃውን አልለቅም ብሎ ጎተተው፤ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቀዳዳ ተቀደደ። የቀጠነው ውኃው በዚያ ሰርጎ ገባ፣ ለቃሚዎቹ ከጥቁር ለባሾቹ ተነጠሉ፣ ስንቅ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ መጋረጃውን ከላይ እስከ ታች የደገፉት ምሰሶዎች «ኡኡ!» አሉ። ደንብ ነው፤ እሳት ሲነሳ ኡኡ ያላለ እንዳቃጠለ ይቆጠራል። ሐኪሞች እነዚህን ጩኸቶች ሳይቶካይን ይሏቸዋል። አንደኛው ስሙ ኤምሲፒ-1 ነው፤ ሥራው ዘበኛ መጥራት ነው። በቤቱ ያሉት ዘበኞች ብድግ አሉ፤ በደም መንገድ ላይ የነበሩትም ግንብ ጥሰው ገቡ።

ዘበኞቹ ጠላት ፈለጉ። ጠላት የለም፤ ያለው ቀዳዳ ነው። ጦር ይዞ የወጣ ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም፤ መርዛቸውን በተራቡት ለቃሚዎች መሐል ረጩት። ለቃሚዎቹም በገዛ እጃቸው መሞት ጀመሩ። በአይጦች ቤት ይህን የመረመሩ ሰዎች በ2007 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ኤምሲፒ-1 አፉ ሲያዝ ብዙ ለቃሚዎች ተረፉ። እንግዲያው ጯሂውን ሁሉ ዝም ማሰኘት ነው እንዳንል፣ ኢንተርሊውኪን 6 የሚባል ሌላ ጯሂ አለ፤ እሱን ዝም ሲያሰኙት ደግሞ የሟቹ ቁጥር በዛ። ለካ ከጩኸቱ መሐል ሲያስታምም የነበረም አለ።

በመጨረሻ ግንበኛ ተጠራ። የሙያው አባት የሎዛኑ ዡል ጎኒን ነው፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌሎች ሐኪሞች ስለ ውኃው ሲከራከሩ «ቀዳዳውን ፈልጉ» ብሎ በጋለ ብረት ተኩሶ የዘጋ ሰው። የእኛም ግንበኛ ዘጋው። መጋረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እልል ተባለ።

ኡኡታው ግን አላባራም።

በቀዳዳው ሾልከው አዳራሹ ውስጥ የወደቁ ጥቁር ለባሾች ነበሩ። ቲጂኤፍ ቤታ የሚባለው ጯሂ «ጥቁራችሁን አውልቁ፣ ቁስሉን ጠግኑ!» አላቸው። ውኃ ቀጂነታቸውን ረስተው ገመድ ገማጆች ሆኑ፤ ገመዱን በመጋረጃው ፊትም ጀርባም ዘርግተው ለማጥበቅ ሳቡት። ክፋት የለባቸውም። በእጃችን ላይ ያለ ቁስልም ሲሽር ይኮማተራል፤ እጅ ይችለዋል፣ ስስ መጋረጃ ግን አይችለውም። ከተጠገኑ 100 ቤቶች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ይህ ገመድ ይዘረጋል፤ ግንበኛውም መቀስ ይዞ ይመለሳል።

ከተረፉት አንድ ትንሽ ለቃሚ ወደ አንድ ሽማግሌ ምሰሶ ተጠጋ።

«አባባ፣ ቀዳዳው እኮ ተዘግቷል።»

«ተዘጋ? መቼ?»

«ቆየ።»

«ታዲያ ማነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

ምሰሶው አፉን ገጥሞ ሊያዳምጥ ሞከረ። ከጎኑ ያለው ምሰሶ የጓደኛው ድምፅ ድንገት ሲጠፋበት «ምን ነካው?» ብሎ ደነገጠና ኡኡ አለ።