ለአሮጌ ኮምባይነር የመሰከርኩት ውሸት

ከቀድሞው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጥር ብዙም በማይርቅ ጋራዥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ለማወቅ ከእኔ የቀረበ ጎረቤት አልነበረም፤ ሆኖም ለአሮጌ ኮምባይነር ስመሰክር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። «የድሮ ብረት አይከዳም፤ የዘንድሮው ፕላስቲክ ነው» እላለሁ። ከአርሲና ከባሌ የመጡ ባለ ማሽኖች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሻዬንም እነሱ ይከፍላሉ።

ምስክርነቴ ታሪክ አያጣም። የብራዚል ውርጭ የቡናን ዋጋ ሰማይ ሲሰቅለው፣ ምሥራቅ ጀርመን በ1969 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተዋውላ በቡናችን ምትክ የጦር መሣሪያና የእርሻ ማሽን ትሰጠን ጀመር። ይህን ስተርክ ማሽኑን በእጄ ከመርከብ ያወረድኩ ነው የምመስለው። የምሥራቅ ጀርመኗን ኮምባይነር፣ ፎርትሽሪት ኢ 512ን ሳወድስማ አፌ አይደክምም፦ ቺንጋዋ በዓይን ይታያል፣ ኩሽኔታዋ ሲያረጅ ይጮኻል፣ መዶሻና ሽቦ ይበቃታል።

ሽቦው ስንቴ እንደተበጠሰ አልናገርም። «አትበላሽም» የምላት ማሽን በየመኸሩ ስትቆም ያየሁት እኔው ነኝ። በቆመች ቁጥር የሚጠራው እኔ ስለሆንኩ ግን መቆሟን እንደ ብልሽት ቆጥሬው አላውቅም። ገበሬው «ዝናብ ሊደርስብኝ ነው» እያለ ሲለምነኝ፣ እኔ የጫማዬን ክር ቀስ ብዬ አስራለሁ።

አዲሱን የምጠላው ስለሚያሳብቅ ነው። ከወንፊቱ ኋላ ያለው ሴንሰር ከገለባ ጋር የሚወጣውን ስንዴ እየለካ ለሾፌሩ ይናገራል። አሮጌዋ እህሉን ሜዳ ላይ ስትበትነው ትንፍሽ አትልም። እኔ ወንፊቷን ያስተካከልኩላት ማሽን ያጨደችው ማሳ፣ ዝናብ ሲያገኝ ሳይዘራ አረንጓዴ ለበሰ። «መሬቱ ለም ነው» ብዬ አለፍኩ።

አንድ እውነትስ አለኝ። ዘመናዊ ሞተር ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፤ በበርሜል ተጓጉዞ በባልዲ የሚቀዳ አቧራማ ናፍጣ ኢንጀክተሩን ይጨርሰዋል። የድሮው ፖምፓ የተሻለ ይታገሣል። ይህን አስረድቼ «ፊልትሮ በጊዜው ቀይሩ፤ ውኃውን አፍስሱ» ብል ሥራዬን ሠራሁ ማለት ነበር። ፊልትሮ በመቀየር ግን ማን ተከበረ? «ኮምፒውተሩ ነው» ማለት ይቀለኛል፤ ኮምፒውተሩን ስለማላውቀው ደግሞ ይበልጥ ይቀለኛል።

በቀደም አንድ ተለማማጅ ላፕቶፑን ሰክቶ የብልሽት ኮድ ሲያነብ ከጀርባው ቆሜ፣ «እሱንማ ገና ድምፁን ስሰማ አውቄዋለሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣» አለኝ በትሕትና፣ «ሞተሩ እኮ ገና አልተነሣም።»