ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ባሕረ ሐሳብ

መኪና የሚባለው ነገር በ1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ የአገራችን ባለመኪኖች በብዙ ጉዳይ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ነገር ግን «የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?» የሚለውን ጥያቄ ያህል ወዳጅን ከወዳጅ፥ አማችን ከአማት የሚያቃቅር ክርክር ገጥሞኝ አያውቅም። የሃይማኖቱን ክርክር እንኳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው፥ ሊቃውንቱን አከራክረው፥ ፍርድ አሰጥተውበታል፤ ለሞተር ዘይት ግን እስካሁን ቦሩ ሜዳ ስላልተገኘለት፥ ባለመኪናው ሁሉ ከየሠፈሩ መካኒክ እግር ሥር የተማረውን ትምህርት አጥብቆ ይዞ ጎረቤቱን በመናፍቅነት ሲጠረጥር ይኖራል።

ከእነዚህ ወገኖች ቀደምቱ ባለ ሦስት ሺዎቹ ናቸው። የወገኑ አፈ ጉባኤ በእኛ ሠፈር፥ አጥር ለአጥር የምንዋሰን፥ በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ይዘው የአሰብን መንገድ የተመላለሱ፥ ዛሬ ግን በጡረታ ተቀምጠው አሮጌ ቮልሳቸውን የሚያስታምሙ ሽማግሌ ሲሆኑ፥ እኔም እንደ ልማዳችን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ ዘይትን የሚመረምሩት በጣታቸው ነው፤ መለኪያውን መዘው፥ ጠብታዋን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽተው፥ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፥ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህስ ዘይት አብቅቶለታል» ብለው ይበይናሉ፤ ለብያኔያቸውም ይግባኝ የለውም።

እውነቱን ለመናገር የጋሼ ሥርዓት ያለ መሠረት የቆመ አይደለም። ቮልስ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ እንደ ሌሎቹ መኪኖች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከሞተሩ ግርጌ ያለችው አንዲት የሽቦ ወንፊት ናት፥ እርሷም ጉልሁን ቆሻሻ ብታስቀር ነው እንጂ ደቃቁን ብናኝ አሳልፋ ትሰደዋለች። ሞተሩም የሚበርደው በውኃ ሳይሆን በነፋስና በዚሁ በዘይቱ ነውና፥ ማለስለሱም፥ ማጠቡም፥ ማብረዱም ተደራርቦ የተጫነበት ያ ጥቂት ዘይት ቶሎ ቢደክም አይፈረድበትም። የፋብሪካው መጽሐፍ 5,000 ኪሎ ሜትር ሲፈቅድ፥ ጋሼ ሁለቱን ሺህ ለአሰብ መንገድ መታሰቢያ ብለው የቀነሱት ይመስለኛል።

ከእርሳቸው ጋር የማልስማማው በዘይት ጥቁረት ላይ በሚሰጡት ፍርድ ነው። የዛሬ ዘይት አጣቢ ቅመም ስለሚጨመርበት፥ ጥላሸቱን ከፒስቶኑና ከፋሻው እያጠበ በራሱ ላይ ተሸክሞት ይዞራል፤ በናፍጣ ሞተርማ ከተቀየረ ብዙም ሳይነዳ ከል ይለብሳል። መጥቆሩ እንግዲህ ሥራውን ሲሠራ ለመዋሉ ምስክር እንጂ የኃጢአቱ ማስረጃ አይደለም፤ በአንጻሩ ብዙ መንገድ ሄዶ ወርቅ መስሎ የሚወጣው ዘይት እድፉን በሞተሩ ሆድ ዕቃ ትቶት ሊሆን ይችላልና እርሱን መጠርጠር ይሻላል። ይህንን ሐተታ ለጋሼ ባቀርብላቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፥ «አንተ ልጅ፥ ለኔ ነው እንዴ ጥቁርና ነጭ የምታስለየኝ?» አሉና ወደ ቮልሳቸው ኮፈን ተመለሱ።

የጋሼ ወደረኛ የእህቴ ልጅ ነው። እርሱ ሲንተቲክ የሚባለውን ዘይት፥ ዋጋው ለአንድ ቤተ ሰብ የወር አስቤዛ የሚበቃውን ማለት ነው፥ ገዝቶ ይጨምርና እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ኮፈን መክፈት ምንፍቅና ይመስለዋል። «አጎቴ፥ የአውሮፓ ፋብሪካዎች እኮ 15,000ም ከዚያ በላይም ይፈቅዳሉ» ይለኛል፤ እውነት ነው፥ የሚፈቅዱ አሉ። በሁለቱ መካከል 5,000 የሚለው መካኒክ አለ፤ ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም፥ ሰውየው ልጆች ያሳድጋል። ደግሞም በጠቅላላው ዘይት መቀየር የማያውቁ፥ ሲጎድል ብቻ እየሞሉ፥ «እኔ መኪናዬን ሁልጊዜ አዲስ ዘይት ነው የማጠጣት» ብለው የሚመጻደቁ አሉ፤ እነዚህን የሚመልሳቸው የሞተር እድሳት ዋጋ ብቻ ነው።

እኔ ግን ሁሉን ሰምቼ ወደ መጽሐፉ ሄድሁ። መኪናዬ ከባሕረ ሰላጤው አገር የመጣች ናትና መጽሐፏ በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩም ቢሆን እኛ የለመድነው አይደለም። የዐረቡ አምስት ለእኛ ዓይን ዜሮ ነው፥ የዐረቡ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ አምስት ሺህ ተብሎ የተጻፈው ላልተማረ አንባቢ አንድ ባዶ ክብና ሦስት ነጥብ ሆኖ ይታያል፥ ፋብሪካው ምንም ብሎ ጀምሮ ቀሪውን ለእግዚአብሔር የተወው ይመስላል። መጽሐፉን ይዤ መርካቶ ሶማሌ ተራ፥ ዐረብኛ ለሚያውቅ የመለዋወጫ ነጋዴ ሰጠሁትና ቆሞ አነበነበልኝ፤ በመደበኛ አነዳድ 10,000 ኪሎ ሜትር፥ በከባድ አነዳድ 5,000 ኪሎ ሜትር፥ ወይም ስድስት ወር፥ ከእነዚህ ቀድሞ በደረሰው ይቀየር ይላል።

ከባድ አነዳድ ምን እንደ ሆነ ሲዘረዝር ነው ነጋዴውም እኔም መሳቅ የጀመርነው። ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር መንገድ፤ አቧራ፤ ጥቂት ሄዶ መቆም፥ ቆሞም ጥቂት መሄድ፤ ሞተር ሳይጠፋ ለብዙ ሰዓት መቆም፤ ከባድ ጭነት፤ አቀበትና ቁልቁለት። ይህን የጻፈው መሐንዲስ አዲስ አበባን ሳያይ የአዲስ አበባን ገድል ጽፎ አስቀምጧል! ከመገናኛ ተነሥቶ ሜክሲኮ አደባባይ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ፥ በነዳጅ ሰልፍ ላይ ስንፏቀቅ የምናሳልፈውን ማለዳ፥ ከእንጦጦ ሥር ያሉትን ዳገቶች፥ ለዘመድ ሠርግ ከነድስቱ የምንጭነውን ሰው ሁሉ ቆጥሮታል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የጎማውን ዙር ይቆጥራል እንጂ የሞተሩን ድካም አይቆጥርም፤ መኪናዪቱ ቆማ ስታንኮራኩር በዋለችበት ቀን ዘይቱ ሲቃጠል፥ ማለዳ ካልሞቀው ሞተር የወረደው ቤንዚንና እርጥበትም ሲቀላቀልበት ውሎ፥ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። (ያውም ቆጣሪው መርከብ ላይ ሳለ ወደ ኋላ ካልተመለሰ።) ያ መደበኛ የተባለው ሾፌር፥ አቧራ በሌለበት፥ በሜዳ፥ በረጅም መንገድ፥ ብቻውን፥ በዝግታ የሚነዳው፥ በየትኛው ቀበሌ እንደሚኖር ነጋዴውን ብጠይቀው፥ «መርካቶ አልመጣም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ኪሎ ሜትርን ትቼ በዘመን አቆጣጠር ልተዳደር ወሰንሁ፤ ዘይቴንም በመስቀልና በፋሲካ እቀይራለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ራሱን ያዘ፤ ፋሲካ ቋሚ በዓል አይደለምና የሞተሬ ጤንነት በአበቅቴና በመጥቅዕ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፥ በባሕረ ሐሳብ ደንብ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፥ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፥ እንዲያ ከሆነ ዘይቱ በአንዱ ዓመት ከሌላው ዓመት እስከ 34 ቀን ሊጨመርበት ነው ብሎ ተሟገተኝ። ጋሼ በተቃራኒው አቆጣጠሩን አመሰገኑ፤ ይሁን እንጂ የፍልሰታም እንዲጨመር አሳሰቡ። የእርሳቸው ወገንተኝነት ከነገሩ ንጹሕ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ከእኔ ሞተር የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላባቸው የአጥራቸውን እንጨት የሚቀቡት እርሳቸው ናቸውና።

የአቆጣጠሬ ጉድለት አንድ ነው፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሳያማክረኝ ተከትሎታል። ለፋሲካ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ገጠር የሚወርደው ባለመኪና በሙሉ ቀዳም ሥዑር ዕለት ላቫጆው በር ላይ ይሰለፋል፤ ዘንድሮም እኔ ከሰልፉ መካከል ገብቼ፥ የገዛሁትን ዘይት አቅፌ፥ ሞተሩን እንዳስነሣሁ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳነሣና ስመልስ ቆየሁ። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፥ ቄጠማቸውን በራሳቸው ላይ እንዳሰሩ፥ አጠገቤ ደርሰው መስተዋቱን በከዘራቸው አንኳኩ።

«ልጄ፥ አጥፋው እንጂ ሞተሩን! ወረፋው እኮ ገና ነው።»