እባብ ያየ በልጥ ቢበረይ፣ አንተን ምን አሳቀህ?

«ጎማ ፈነዳ ብሎ አስፋልት ላይ የሚደፋ፣ ይሄም ወንድ ነው?»

ወንድ ነው። መደፋትን ያስተማረው ነሐሴ 2013 ነው። ያን ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወልዲያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ሲቆይ፣ ከውርጌሳ በመርሳ አድርጎ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ግንባር ሆኖ ነበር። ከድምፁ ቀጥሎ የሚመጣውን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ድምፁን ሲሰማ አካሉ ቢወድቅ ምን ይገርማል? አንተ ግን ቆመህ ሳለ አንደበትህ ወደቀ።

«ፈሪ ስለሆነ ነው እንጂ!»

ፈሪ አስቦ ይሸሻል። የሱ ጉልበት ከሐሳቡ ቀድሞ ነው የታጠፈው።

«ይህን ደግሞ ማን ነገረህ?»

ውሻ። ኢቫን ፓቭሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የምግብ መፈጨትን ሲያጠና የኖረ፣ በዚያው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። የውሾቹን ምራቅ ሲለካ አንድ ነገር አስቸገረው፤ ምግቡ አፋቸው ሳይደርስ፣ የሚያበላቸው ሰው ኮቴ ገና ሲሰማ ምራቃቸው ይወርዳል። ሌላው ሰው ይህን ችግር ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን ቀሪ ዕድሜውን ሰጠው። ሜትሮኖም የሚባለውን ምት ቆጣሪ እያሰማ ወዲያው ምግብ ሰጣቸው፤ ደጋገመው። በኋላ ምግቡ ቀርቶ ምቱ ብቻውን ምራቅ አስወረደ። በምግብ ምራቅ መውረዱን ማንም አላስተማራቸውም፤ አብሯቸው የተወለደ ነው። ምቱ ግን ትናንት ለውሻው ምንም አልነበረም። ከምግቡ ፊት ፊት እየሄደ የምግቡን ሥልጣን ወረሰ። የሥነ ልቦና ሰዎች ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ የሚሉት ይህንን ነው።

«የሩሲያ ውሻ ምራቅ ለመርሳ ሰው ምን ሊረባው?»

እስቲ ሎሚ በል። ለሁለት የተቆረጠ፣ ጨው የተነሰነሰበት ሎሚ። ዋጥ አደረግህ አይደል? ሎሚው የለም፣ ቢላዋውም የለም፤ ያለው ቃሌ ብቻ ነው። ፍራፍሬ በሞላው መርሳ ተቀምጠህ፣ ምራቅህን እየዋጥህ ስለ ውሻ አትጠይቀኝ።

አሁን በሎሚው ቦታ መድፍ አስገባ። ፉጨት፣ ቀጥሎ ፍንዳታ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ጩኸት። ምራቅ ለመማር ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ለእንዲህ ያለው ፍርሃት አንዳንዴ አንድ ቀን ይበቃዋል።

«መድፉስ እሺ፤ ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ መዝለል ምን ይሉታል?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉታል። አያቶችህ ከፓቭሎቭ በፊት የተናገሩትን አንተ ሰምተህ ሳትረዳው ቀረህ። ፍርሃት የተማረበትን ነገር ብቻ አይጠብቅም፤ የሚመስለውን ሁሉ ያዳርሳል። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት ሙከራ፣ አሜሪካ ውስጥ ዓመት ያልሞላው አልበርት ያሉትን ሕፃን ነጭ አይጥ አሳዩት። ልጁ አልፈራም፤ እጁን ዘረጋ። አይጡን ሊነካ ሲል ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ጀመር። ከዚያ አይጡን ሲያይ ማልቀስ ሆነ፤ ጥንቸልም፣ ውሻም፣ የፀጉር ካፖርትም ያስለቅሰው ጀመር። ፍርሃቱን ሳይፈቱለት ልጁ ከሆስፒታሉ ወጣ። ይህን ሥራ እኔ በምንም መንገድ ይቅር አልለውም። በወልዲያና በመርሳ መዶሻውን ያነሳው ጦርነት ነው፤ አልበርቶቹም ብዙ ናቸው። ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው፤ በር ተወርውሮ ሲዘጋ እርሳሳቸውን የሚጥሉት እነሱ ናቸው። መምህር ሆይ፣ «ቅዠታም» ከማለትህ በፊት በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው።

«ሞኝ አካል ነዋ፣ ልጥና እባብ የማይለይ!»

ሞኝስ አይደለም። ሮበርት ረስኮርላ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይጦች ያሳየው፣ ሁለት ነገር አብሮ ስለዋለ ብቻ እንደማይጣመር ነው፤ እንስሳው የሚማረው የትኛው ነገር የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ ነው። ድምፁ አደጋን በሚያስታውቅበት ወር ያን የተማረ አካል በሕይወት ተረፈ። ያተረፈውን ትምህርት በሦስት ወር ሰላም ጣለው ትለዋለህ? መለየትም ይማራል፤ የፓቭሎቭ ውሾች አንዱ ድምፅ ምግብ ሲያስከትል፣ ሌላው ሳያስከትል ሲደጋገምላቸው ሁለቱን ለይተዋል። ጊዜና ዕድል ስጠው።

«ጊዜ ይሽረዋል፣ ልጄ፤ ተወው።»

አባቴ፣ አክብሬዎት ነው፤ ጊዜ ብቻውን አይሽረውም። ፓቭሎቭ ምቱን ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲያሰማ ምራቁ እያነሰ ከሰመ። የከሰመው ምቱ ስለተሰማ ነው። ድምፅ ፈርቶ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ዓመት ቢከርም፣ «ድምፁ መጣ፣ ጉዳቱ ግን አልመጣም» የሚለውን አካሉ አንድ ቀን እንኳ አልተማረም። ከቤት መቅረቱ ለዛሬ ያሳርፈዋል፤ ፍርሃቱን ግን እንዳለ ያስቀምጥለታል።

«አምና ድኖ አልነበር እንዴ? ያስመስላል!»

የከሰመ ነገር ይጠፋል ያለህ ማን ነው? ያገረሻል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሌኒንግራድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ውኃ የፓቭሎቭን ውሾች ማደሪያ ገባ፤ ውሾቹ ሊሰጥሙ ሲሉ እየዋኙ ወጡ። ከእነሱ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ጣሉ። ቆይቶ ሲሻላቸው በበር ሥር ጥቂት ውኃ ቢለቀቅ ያ ድንጋጤ ተመለሰ። ውሻ ለማን ብሎ ያስመስላል?

«ኧረ ለጨዋታ ነው የምንስቀው!»

ጨዋታህም ያስተምራል። ሰውየው በደነገጠ ቁጥር በቡናው ላይ ሳቅህን ታስከትልበታለህ። ሲደጋገም «ቡና ጠጡ» የሚለው ጥሪ ራሱ ልቡን ይመታዋል፤ ይቀራል። ከዚያ «ሰው ጠላ» ትለዋለህ። ሰው አልጠላም፤ አንተ ነህ ቡናውን ያስጠላኸው። ከጦርነቱ የተረፈለትን አቦልና ቶና ከእጁ ቀማኸው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ቀድመህ ብትጠይቀው ይሻል ነበር። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ ረዳች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ በሌላው ጊዜ ትንሽ ቀረብ፤ ሲረጋጋ ደግሞ ቀረብ። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን ዳሰሰው። ወሎ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቶታል። ቡናው እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ከሚያምነው ሰው ጎን ተቀምጦ፣ የሚያስፈራው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ፤ ለዛሬ ይበቃል። ነገ ትንሽ ቀረብ ይበል። ልኩን የሚወስነው እሱ ነው፤ «ልናለማምደው ነው» ብሎ ከጀርባው ቆርቆሮ የሚደበድብ ሰው ሁለተኛ መዶሻ ነው። ሲደነግጥ «አብሽር» ብሎ ዝም ማለት ነው፤ ወሬ ማብዛት አያስፈልግም። ዱዓውም ጸበሉም አይቅርበት። እንቅልፍ ያጣ፣ ሌሊት እየጮኸ የሚነሳ፣ ከሥራ ከቤተሰቡ የተለየ ግን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይየው፤ ለዚህ የሚያፍር ሰው ለተሰበረ እግሩም ሊያፍር ነው።

ጥር ሲመጣ ደግሞ ሠርግ ይመጣል፤ ከሠርጉ ጋር ወደ ሰማይ የሚተኮሰው። ወር ሙሉ በቡናና በትዕግሥት የከሰመውን፣ አንድ ካርታ ጥይት በአንድ ምሽት ይመልሰዋል። ከበሮው አለ፣ እልልታው አለ፣ ጭብጨባው አለ።

«ጥይት ያልጮኸበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው?»

የሙሽራዋ እናት ጠረጴዛ ሥር ያልገባችበት ሠርግ ነው።