አያ ጅቦ ካሮት ጀመረ

ጅብ ሥጋ መብላት ትቷል። ያልሰማችሁ ስሙ። እኔ የሰማሁት ከአምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ስልክ ላይ ካርቱን አይታ ነው። ጅቡ ሐምራዊ ነው፤ ቢጫ ክራባት አስሯል፤ ከአህያ ጋር ተቃቅፎ አትክልት ቦታ ውስጥ ካሮት እየነቀለ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ይዘምራል።

ይህን ያህል ለውጥ መኖሩን ሳላውቅ፣ መብራት በጠፋበትና የስልኩም ባትሪ ባለቀበት አንድ ምሽት ለልጅቷ የድሮውን የአህያ ተረት ጀመርኩላት። «ከዚያ ተረባርበው በሏት» ከማለቴ እናቷ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ! ሌሊት ትቃዥብኛለች። ጅቡ ይቅርታ ጠየቃት በላት!» ይህችው እህቴ በልጅነቷ ይህንኑ ተረት ካልደገማችሁልኝ አልተኛም እያለች አያታችንን መፈናፈኛ ታሳጣ ነበር።

ተረቱን ለረሳ ላስታውስ። ዝናብ ጠፍቶ አገር በተራበ ጊዜ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰበሰቡ። «ይህ መዓት የመጣብን ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው፤ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ ወይፈን ሰብሮ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው!» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብ ዶሮ መብላታቸውን ተናዘዙ፤ «ኧረ ምንም አይደል» ተባሉ። ተራው የአህያ ሆነ። «ጌታዬ መንገድ ላይ ከወዳጁ ጋር ቆሞ ሲያወራ ከዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ» አለች። «ለካ ያስጨረስሽን አንቺ ነሽ!» ብለው ተረባርበው በሏት።

ልጅቷ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። ትንሽ አሰበችና «አንበሳውስ? እሱ እኮ ትልቅ ነው የበላው» አለች። እናቷ መልስ አልሰጠችም፤ ስልኩን ቻርጅ ልታደርግ መብራት መምጣት አለመምጣቱን በመስኮት እያየች ነበር።

እኔ ግን ተሸንፌአለሁ። አዲሱ እትም ይሻላል። በአዲሱ እትም አራቱ እንስሳት ክብ ሠርተው ይቀመጡና ስለ ስሜታቸው ይወያያሉ። አንበሳ «ወይፈኑን ስበላው ከፍቶኝ ነበር» ይላል፤ ወይፈኑም ከቁጥቋጦ ኋላ በሙሉ ጤንነት ብቅ ይልና ይተቃቀፋሉ። አህያዋ ሣሩን ይቅርታ ትጠይቃለች። ወዲያው ዝናብ ይዘንባል። ድርቁ ለካ የመጣው ባለመተቃቀፍ ኖሯል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የጅቡ አመጋገብ ነው። ሰውና ጅብ ተከባብረው በሚኖሩባት ሐረር፣ ጅብ የሚያበሉት ሰዎች ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ቁጭ ብለው በእንጨት ጫፍ ሥጋ ያጎርሱታል፤ በዓሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። ካሮት ያቀረበለት ግን አልነበረም። ይህን ጉድለት ካርቱኑ ሞላው። እንግዲህ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት ጅቦች የቄራን ሽታ ትተው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው አትክልት ተራ ሊሰለፉ ነው። «ካሮት በኪሎ ስንት ነው?» ይላል አያ ጅቦ። ነጋዴው ዋጋውን ሲነግረው ይጮኻል፤ በዋጋውማ ማን ያልጮኸ አለ? «ቀንስልኝ እንጂ ወንድሜ፣ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ» ብሎ ይከራከራል። ጥንብ አንሳ ሥራ ይፈታል። ሌሊት በረቱን ሲጠብቅ የኖረ ገበሬ ውሻውን አንሥቶ ጎመን ማሳው ዳር ያስራል። ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያርም ኮሚቴም መቋቋሙ አይቀርም፤ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተሰርዞ «ጅብ በሚያውቁት አገር ሄዶ ሰላጣ አቅርቡልኝ አለ» በሚል ይተካል።

በዚህም አያበቃም። ከሥጋ የራቀ ጅብ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው ማለት ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ጾምን ብለን ፊታችን የሚጠቁር እኛ በእሱ ፊት ምን ነን? ነፍስ አባቱ ሳይቀሩ «ልጄ፣ አበዛኸው፤ ሰውነትህንም አስብ» ብለው ይመክሩታል። የሰፈር እናቶች ቅቤ ሲልሱ የተያዙ ልጆቻቸውን «እስቲ ከአያ ጅቦ ተማሩ!» እያሉ ይቆጣሉ። አህያዋ ኩራቷን አትችለውም፤ በየሄደችበት «ጓደኛዬ እኮ ነው» ትላለች። ብቻ አንድ ነገር አለ። ጾመኛ ሁሉ ፋሲካ አለው። አያ ጅቦ በምን እንደሚፈስክ ካርቱኑ አይናገርም፤ አህያዋ ግን ለግብዣው ከመነሣቷ በፊት ብትጠይቅ ጥሩ ነበር።

ሌሎቹም በየተራቸው ታርመዋል። ጦጢት ማታለሏን ትታ ጥርስ መቦረሽ ታስተምራለች። ቀበሮ ጫጩት ታስተኛለች።

ፈረንጆቹም በዚህ ሥራ አልሰነፉም። እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ አንድ ተመልካች «ቶም እና ጄሪ» ላይ ሲጋራ ሲጨስ አየሁ ብሎ ኦፍኮም ለሚባለው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አቤት አለ። ካርቱኖቹን ያሰራጭ የነበረው ተርነር ከ1,500 በላይ የቆዩ ፊልሞቹን ፈትሾ ማጨስን የሚያሞካሹ ትዕይንቶችን ሊቆርጥ ተስማማ። ቶምን በመጥበሻ መደፍጠጥና በድማሚት ማጋየት ግን ለጤናው ጠንቅ ሆኖ አልተገኘም። በ1969 የጀመረው «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍሎች በዲቪዲ ሲታተሙም፣ ለአዋቂ የታሰቡ መሆናቸውንና ለዛሬው ሕፃን ላይስማሙ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተጨመረባቸው። ያው «ሰሳሚ ስትሪት» እኮ ነው፣ ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን ይጫወት የነበረው ዊል ሊ ከሞተ በኋላ፣ በ1983 ሚስተር ሁፐር መሞቱንና እንደማይመለስ ለሕፃናት ፊት ለፊት የነገራቸው። እኛ ብንሆን «አሜሪካ ሄዷል» ብለን እንገላገል ነበር። የእኛ አገር ሕፃናት ስንት ዘመዳቸውን አሜሪካ ቀብረዋል።

አባባ ተስፋዬንም አንርሳ። ተስፋዬ ሳህሉ ኮሪያ የዘመቱ፣ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን ሴት ሆነው መድረክ ላይ የተወኑ ሰው ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ የልጆችን ጊዜ ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ተረቱበት። አኒሜሽን የላቸው፣ ሐምራዊ ጅብ የላቸው፤ መሣሪያቸው ፊታቸውና ድምፃቸው ነበር። በተረታቸው ሞኝ ይታለል ነበር፤ ክፉም የእጁን ያገኝ ነበር። ያ ሁሉ ትውልድ ሳይታከም እንዴት ለወግ እንደበቃ ሊቃውንት ይመርምሩት።

የዛሬው ካርቱን በሳይንስ ይሠራል። «ኮኮሜሎን» የተባለውን የሕፃናት ካርቱን የሚያዘጋጀው ሙንበግ የተባለው ድርጅት፣ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደዘገበው፣ ሕፃናትን አንድ በአንድ አስቀምጦ ካርቱኑን ያሳያቸዋል። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ስክሪን አለ፤ እሱ ላይ ሰው ቡና ሲቀዳ፣ ሌላው ፀጉሩን ሲቆረጥ ይታያል። ዲስትራክታትሮን ይሉታል። ሕፃኑ ዓይኑን ከካርቱኑ አንሥቶ ቡና ወደሚቀዳው ሰው ከዞረ ይመዘገባል፤ ካርቱኑ እዚያ ቦታ ላይ ላልቷል ማለት ነው።

እኛ ቤት ዲስትራክታትሮን መግዛት አያስፈልግም። ሲኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል፤ ቡናው ይቀዳል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል። ጉርሻ ሲመጣ አፍ ይከፈታል፤ ዓይን አይነቃነቅም። ፍርፍሩ ጨው በዝቶበት ይሁን አንሶት የሚናገር ልጅ የለም። አያት «የኔ ዓለም» ብለው ይጣራሉ፤ የሚሰማቸው የለም። በፈተናው ካርቱኑ አልፏል፤ የወደቅነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃኝ። ለልጅ የሚሠራ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ያለችው ቀጭኔ ቢያንስ ትጠይቃለች። ጅቡን ካሮት ያስበላነው ግን ለልጅ አዝነን አይደለም። የተበላች አህያ ጥያቄ ታመጣለች፤ ጥያቄ ደግሞ ሥራ ያስፈታል። ተረት ሲያልቅ ልጅ «ለምን?» ይላል። ካርቱን ሲያልቅ ሌላ ካርቱን ይጀምርና ቤቱ ጸጥ እንዳለ ይቀጥላል። የፈለግነው ጸጥታውን ነው፤ ቅዠቱን ሰበብ አደረግነው። ልጆች ሞኞች አይደሉም። አንበሳ ወይፈን በልቶ ነፃ የሚወጣበት፣ አህያ ሣር ነጭታ የሚፈረድባት ዓለም መኖሩን ልጅ አያቱ ጉያ ተቀምጦ ካልሰማ፣ ብቻውን በቆመ ቀን በራሱ ላይ ሲደርስ ያየዋል።

ደግሞስ ለካሮቱ ምን አስቸኮለን? ልጆቹ ነገ አድገው የሁለት ሰዓት ዜና ያያሉ። እዚያ ጅቡና አህያዋ በሁሉም ጉዳይ የጋራ መግባባት ላይ ደርሰው፣ ተጨባብጠው ፎቶ ከተነሡ ቆይቷል፤ አህያዋም ስለተሰጣት ዕድል አመስግናለች። እስከዚያ ድረስ እንኳ እውነቱን ይስሙ። ጅቡ አህያዋን ይብላት።