ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ልጅ

ሃምሳ እንደ ሌላው ቁጥር አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሃምሳ በመቶ ያስፈልጋል። ሃምሳ አጥቶ ሪሜዲያል ወደሚሉት የአቅም ማሻሻያ የገባ ልጅ ሪሜዲያሉን ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልገዋል። ያን ሁሉ ተወጥቶ፣ ግቢ ገብቶ ዓመታት ተምሮ ሲያበቃ ደግሞ ዲግሪው እጁ እንዲገባ በመውጫ ፈተና እንደገና ሃምሳ ይጠየቃል። እንዲህ በየደጁ የሚጠራ ቁጥር በአገሩ ሌላ የለም፤ የሚገርመው እስካሁን በስሙ ማኅበር አለመጠጣቱ ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ተረቱን የሰማው እስከ ግማሹ ይመስላል። ሎሚውን አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ ለአንድ ተማሪ አሸክሞታል። የቀሩት አርባ ዘጠኙ፣ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ሱፐርቫይዘሩ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የዞኑ መምሪያ፣ የክልሉ ቢሮና ራሱ ሚኒስቴሩ፣ ዳር ቆመው ልጁ ስንቱን እንደጣለ ይመዘግባሉ።

ምዝገባው እንከን አይወጣለትም። በጥር 2015 የተነገረው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ለዚህ ምስክር ነው፤ ከ896,520 ተፈታኞች ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ ከመቶው 3.3 መሆኑ ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ቀለሜዋም ሰነፉም፣ የሀብታሙም የድሃውም ልጅ እኩል ሆነው ተገኙ። ደርግ በ17 ዓመት ያላመጣውን እኩልነት አንድ ፈተና በአንድ ሳምንት አመጣው። ነገሩ ሳይዳብር እንዳይቀር ደግሞ በ2015 ማንንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328፣ በ2016 ደግሞ 1,363 ሆኑ። አገር አላደገችም የሚል ሰው እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ያንብብ።

ያለፉትም ቢሆኑ እንዳቅማቸው አድገዋል። በ2015 ከመቶው 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። የመጨረሻው ቁጥር ሲነገር ድምፁ የምሥራች ቃና ነበረው። ከመቶ ልጅ ዘጠና አንዱ ወድቆ የምሥራች የሚባልበት ቤት ውስጥ ኀዘን ምን ተብሎ እንደሚረዳ ማሰብ ያስቸግራል።

ፍርድ እንዳይጓደል፣ ሃምሳ ያለ ምክንያት አልመጣችም። ከዚያ በፊት የፈተና ወረቀት ከተፈታኙ ቀድሞ ስልክ ላይ ይደርስ ነበር፤ በ2008 ጭራሽ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዟል። መልስ ማቀበል የመምህር ደግነት፣ አለማቀበል ክፋት የሆነባቸው ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። ተፈታኞች ከየቀያቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ መደረጉ ይህን በር በብዛት ዘግቷል። ስርቆሹ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ፈተናው እውነቱን ሲናገር ስለ ልጁ ብቻ አልነበረም የተናገረው። ስለ ክፍሉ፣ ስለ መምህሩ ሥልጠና፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ቢሮውም ተናግሯል። ከተናገረባቸው ሁሉ ቤቱ የተመለሰው ግን ልጁ ብቻ ነው።

ይህ ልጅ ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የመጣ ነው እንበል። በእነ ስማዳ ገጠር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ዘጠነኛ ለመማር ወደ ወገዳ ይወርዳል፤ የእስቴው ወደ መካነ ኢየሱስ፣ የታች ጋይንቱ ወደ አርብ ገበያ፣ የላይ ጋይንቱ ወደ ነፋስ መውጫ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቀዬ ወጥቶ፣ እሑድ በሶውን፣ ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክሞ መመለስ ነው። እንጨቱን ራሱ ይለቅማል፣ ወጡን ራሱ ይሠራል፣ ኩራዙ ካለቀበት የጎረቤት መብራት ይቃርማል። ስንቁን ያዘጋጀችው እናቱ ናት። በዚህ አገር ያለ በጀት፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ መኪና፣ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የሚሠራ የተማሪዎች ድጋፍ መርሐ ግብር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እናት ናት። የእቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ስለማትጽፍ ግን በየትኛውም ሰነድ ላይ የለችም።

በሰነዱ ላይ ያለው ሌላ ነው። «የማጠናከሪያ ትምህርት»፣ «ለሴቶች ልዩ ድጋፍ»፣ «የምክር አገልግሎት»። በአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይመደብ ይላል፤ ከዚያ በላይ ስለሚበዛባቸውም ያማርራሉ። ምስኪኖች! አንድ ቀን ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት ቢመጡ፣ አማካሪ ባይኖርም የምክር አገልግሎት ክፍል የሚል ጽሑፍ ያለበት በር፣ በሩ ላይ ቁልፍ፣ ከበሩ በስተጀርባም እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ያገኙ ነበር።

በ2014 የተፈተነው ልጅ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ክፍልን በሰላም አልተማረም። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቱ በኮሮና ተዘጋ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ የሆነባት ሁሉ ሆነባት። ከዚያ በኋላ የመጣው ተማሪም የተሻለ ዕጣ አልወጣለትም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ሕፃናት ቁጥርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ተባለ። ቤተሰብ ተፈናቀለ፣ መምህር ደመወዝ አጣ፣ ትምህርት ቤት ተቃጠለ። ሃምሳ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጀግና ማለት እሷ ናት።

መጽሐፉስ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ በጊዜው አልደረሰም። ግድ የለም፣ በፒዲኤፍ ተለቋል ተባለ። ፒዲኤፍ ለማንበብ ስልክ ያስፈልጋል፣ ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት ደግሞ ይከለከላል፤ ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያኔ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ መምህሩ እንደምንም ካገኘው ቅጂ ወደ ሰሌዳ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ መገልበጥ ሆነ ሥራው። በዚያው ሰሞን የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ማስተማሪያው በጠመኔ፣ መፈተኛው በኢንተርኔት!

ነገሩ የዛሬ ብቻ እንዳይመስል። በ1997 ግድም «ፕላዝማ» የሚባል ድጋፍ ከሰማይ ወርዶ ነበር። በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ነው፤ በየክፍሉ ግድግዳ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በማይጨበጥ ፍጥነትና በባዕድ ቅላጼ እንግሊዝኛውን ሲያወርደው፣ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይፈቀድለታል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አይቋረጥም ነበር፤ ሰማይ ላይ ይቀጥላል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉ ምዕራፍ ሦስትን ዘልሎ ምዕራፍ አራት ላይ ይገኛል። ከፕላዝማው ቀጥሎ «አንድ ለአምስት» መጣ። አምስት ልጆች በአንድ ቀልጣፋ ልጅ ሥር ይደራጁና እሱ ያስጠናቸዋል፤ መምህሩ ቅጹን ይሞላል። ሎሚው ከአንድ ልጅ ወርዶ ወደ ሌላ ልጅ ተዛወረ ማለት ነው፤ አርባ ዘጠኙ አሁንም እጃቸው ባዶ ነው።

ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን ሪሜዲያል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የነበሩ አባቶች ዛሬ ቢኖሩ ውሻው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደሚጮህ ባዩ ነበር። የ2014ቱ ፈተና ከ30 ሺህ ያነሱ ልጆችን ሲያሳልፍ፣ ሃምሳ ካጡት መካከል ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአቅም ማሻሻያ ስም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጠሩ። ካለፈው ይልቅ የወደቀው በዝቶ ግቢ ገባ። በዚያም የዩኒቨርሲቲ መምህር የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማራቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሠራውን ጥቂት ወራት ይሠሩታል ተብሎ ታሰበ። እውነትም ወራቱ ይህን ያህል ተአምረኛ ከሆኑ አሥራ ሁለቱ ዓመት ለምን አስፈለገ? ልጁ በስድስት ዓመቱ ቀጥታ ሪሜዲያል ይግባና ለመስከረም ይድረስ።

ችግሩ የሚጀምረው 12ኛ ክፍል እንዳልሆነ አርባ ዘጠኙም ያውቃሉ። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች ዘጠና በመቶው አጭር ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጅ ያንብብም አያንብብም በራሱ ጊዜ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይሻገራል። አራተኛ ክፍል ላይ ማንበብ እንደሚችል ተደርጎ ይቆጠራል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ በእንግሊዝኛ ማንበብ እንደሚችል ተደርጎ ይቆጠራል። እንዲህ እየተቆጠረለት አድጎ፣ 12ኛ ክፍል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ይቆጠራል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው ቤተ ልሔም ባለችበት አገር መሆኑ ነው። ከጋይንት ተማሪ ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ የቅዱስ ያሬድን ድጓ ሲያስመሰክር ዘመናት ያስቆጠረው የቤተ ልሔም ደብር አለ። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ምስክሩን የሚያገኘው ቤተ ልሔም ወርዶ ነው። እዚያ ሃምሳ በመቶ የሚባል ነገር የለም። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ የዓመቱን ቀለም ግማሹን አውቆ ግማሹን የረሳ መሪጌታ ማን ያስቀድመዋል? መስፈርቱ መቶ ነው። ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ያላደረሰ ወደ ድጓው አይሻገርም፣ ምልክቱን የሳተም ከዚያው ከሳተበት ይመለሳል። መጽሐፉንም ተማሪው በገዛ እጁ ይጽፈዋል፤ በዚህ በኩል እንኳ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሊደርስበት ጥቂት ነው የቀረው።

ሆኖም ቤተ ልሔም ውጤት የሚለጠፍበት ቀን የላትም። ያላወቀ ልጅ ወደቀ አይባልም፣ ገና ነው ይባላል። መምህሩ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ቀድሞት የተማረው ያስጠናዋል፣ እስኪያውቀው ድረስ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ ሚኒስቴሩን ሊያስደነግጥ የሚችል አንድ ሥርዓት አለ። ተመርቆ የወጣው ሰው ሌላ ደብር ሄዶ ዜማ ቢሰብር ሊቃውንቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ነው ያስመሰከረህ?» ብለው ነው። ተማሪው ሲሳሳት ስሙ የሚነሣው የመምህሩ ነው። ይህ ደንብ ወደ ዘመናዊው ቢዛወር በየዓመቱ መስከረም ላይ ስንት ቢሮ ስልኩን እንደሚያጠፋ መገመት አያቅትም።

ቤተ ልሔምን ገነት ማድረግም አይገባም። የቆሎ ተማሪ ይራባል፣ እከክ ያስጨንቀዋል፣ ቁራሽ ልመና ሲወጣ ውሻ ይነክሰዋል። ሴት ልጅ በዚያ ጉባኤ ቦታ አልነበራትም። ተስፋ ቆርጦ በሌሊት አኩፋዳውን አንጠልጥሎ የጠፋውንም ማንም አልቆጠረውም። ፊዚክስን በአራራይ እናስተምር የሚል የለም። ግን ድሃ ደብር፣ ያለ ዶላር ብድርና ያለ አማካሪ ድርጅት፣ መስፈርቱን መቶ አድርጎ፣ ድጋፉን ከፈተናው በፊት ማስቀደም ከቻለ፣ ድጋፍን ከፈተና በኋላ ማምጣት ልዩ ጥበብ እንደሚጠይቅ መካድ አይቻልም።

ስለዚህ ፍትሐዊ የሆነ አንድ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሊታሰብ ይገባል። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ያለው ወረዳ፣ ከጽሕፈት ቤት ኃላፊው እስከ ላይኛው ቢሮ፣ ከዚያም ሚኒስቴሩ ድረስ፣ አርባ ዘጠኙ በሙሉ ለጥቂት ወራት ወደ ጋይንት ይውረዱ። ለምድ ይሰጣቸው፣ አኩፋዳ ይሰጣቸው፣ ጎጆ ይመሩ፤ ቀን ቀን በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ስንቃቸውን ይሰብስቡ፣ ማታ ማታ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ሒሳብን በፒዲኤፍ፣ ያለ ኢንተርኔት ያጥኑ። ማለፊያው ሃምሳ ይሁን፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ ጭካኔ ነው። የውሎ አበል እንደማይታሰብ ግን አስቀድሞ በደብዳቤ ይነገራቸው፤ አለዚያ ሥልጠና ሲባል እንደ ልማዱ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ መስሏቸው የዋና ልብስ ይዘው እንዳይመጡ።